አንድ ስንዝር ደፍ

የበረንዳችን በር ደፍ በስብሶ ያለቀው እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ማትሪክ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የአራት ዓመት ደብተሮቼ ካርቶን ውስጥ ታጭቀው አልጋዬ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ሌላ ቦታ የላቸውም። ዝናብ በጣለ ቁጥር በሩ አጠገብ ሊሾው ይረጥባል። የበሰበሰው እንጨት እዚያ፣ እርጥቡም እዚያ፤ ውሃው በበሩ እንደሚገባ ማንም አልተጠራጠረም።

ቤቱ የቀበሌ ስለሆነ ለጥገና ፈቃድ ያስፈልጋል። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ማመልከቻ ነፍሱ ነው። ስለ አንድ ደፍ ሁለት ገጽ ጻፈ። ሦስት የኮሚቴ አባላት መጡ። አንደኛው እንጨቱን በእስክሪብቶው ወጋ አድርጎ፣ "የተበላሸው ከአብዮቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አለ።

"እኔ እንጃ ጓድ፤ የመጣው ሁሉ ይረግጠዋል" አለች እናቴ፣ ደፉ ላይ የቆመ ጫማውን እያየች። ደፍ መርገጥ በእሷ ቤት ነውር ነው፤ እኛ ብንሆን በኩርኩም ነበር የምታወርደን። ሰውየው እግሩን አነሳ። በሳምንቱ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ተፈቀደልን።

አባቴ ግንበኛ አልጠራም አለ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እንጨቱን ነቅሎ፣ በጣውላ ገድቦ፣ አንድ ስንዝር ሙሉ ከፍታ ያለው የሲሚንቶ ደፍ ሠራ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ደፍ ነው አጥር?" አለች እናቴ።

"እንዳይረገጥ አይደል የምትፈልጊው? ይኸው፣ ልርገጥ ያለም አይችልም።"

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "አባባ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ በእንጦጦ በኩል ያለው ግድግዳም ይረጥባል እኮ። ውሃው ከዚያ ቢሆንስ?"

"አንቺ ፊዚክስሽን አጥኚ።"

ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም፤ ጉለሌ መኖር ይበቃል። ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴን እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ ስለማልደጋግመው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ መጣ። አባቴ ወንበር ስቦ፣ ከአዲሱ ደፍ ፊት ለፊት እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። በበሩ አንዲት ጠብታ አልገባችም።

"አያችሁ?" አለ።

ይህን ሲል ያወለቀው ሲሊፐር ከወንበሩ ሥር ተነሳና ቀስ እያለ ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞር ስንል ውሃው ከቁም ሳጥኑ ሥር እየመጣ ነው። ለካ ያ የበሰበሰ እንጨት ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ ሲያስወጣልን ኖሯል፤ እኛ ደግሞ ያስገባል እያልን ስሙን ስናጠፋ።

ካርቶኑን ስስብ ታቹ ተቀደደና ደብተሮቼ ውሃው ላይ ተዘረገፉ። እናቴ በቀሚሷ ትለቅማለች። እኔ በረንዳው ላይ የተተወውን መሮና መዶሻ አንስቼ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እናቴ እንኳ አልተቆጣችም።

"አንቺ ልጅ፣ የመንግሥት ሲሚንቶ ነው!" አለ አባቴ።

"ደብተሩ የኔ ነው" አልኩ።

አሸዋ አብዝቶበት ስለነበር በአራተኛው ምት ተፈረፈረ። የአባቴን ቆጣቢነት ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥቂት ቆሞ አየኝና፣ "ወደ ግራ አድርጊው፤ ዝቅ የሚለው በግራ ነው" አለኝ። ወደ ግራ መታሁ። ውሃው እየተጉረመረመ ወጣ።

ኮሚቴው ሥራውን ሊያረጋግጥ ሲመጣ ያ ባለ እስክሪብቶ ቀዳዳውን አየ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የውሃ መውረጃ ነው። ከመጀመሪያውም በእቅዱ ነበረ" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ሳያሽ። እንደዚያው ተመዘገበ።

እኔ ገመድ ላይ ያሰጣሁትን የፊዚክስ ደብተር እያገላበጥኩ ነበር። ቀለሙ ፈስሶ ግማሹ አይነበብም፤ በተረፈው ተፈተንኩ። ሲ አመጣሁ። አባቴ እስከ ዛሬ አስተማሪዬን ነው የሚወቅሰው።