ጂቪ የነካው ቅል

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጋምቤላ ለሴቶች በተዘጋጀ የአነስተኛ ንግድ ሥልጠና ላይ ተጠርቼ ነበር። አሠልጣኙ ትሑት ልጅ ነው፤ «እማማ» እያለ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። መብራት ሄዶ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋበት ጊዜ ለመግፋት ብሎ ወደ ታሪክ ገባ። «በደርግ ጊዜ በዚህ ከተማ የግል ፈጠራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው የታዘዘውን ብቻ ነበር የሚሠራው» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ዝም እል ነበር። ያን ቀን ግን ሙቀቱ ይሁን እርጅናው እንጃ፣ ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁና «የኔ ልጅ፣ ነበር እንጂ። እኔና አሪየት ነበርን» አልኩት። ሰው ሳቀ፣ መብራቱም መጣ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም፤ ስለዚህ ያላስጨረሱኝን እዚህ እጨርሰዋለሁ።

ያኔ ማትሪክ ወድቄ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ከጎሬ ተዛውሮ እኔን ይዞ ወረደ፤ በጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። ነገር የማይወድ ሰው ነው፤ ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ቁስሉን አጥቦ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ቤቱ የሚገባ።

አሪየት ጎረቤታችን ነበረች፤ ከኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ረጅም፣ ስትስቅ ዓይኗን የምትጨፍን የአኙዋ ልጅ። ዝናቡ ሲያባራ እናቷ የቤቱን ግድግዳና ደጃፍ በጭቃ ትለስንና ጭቃው ሳይደርቅ በጣቶቿ መስመር ታወጣበት ነበር፤ የሚዞር፣ የሚታጠፍ፣ ተመልሶ ራሱን የሚያገኝ መስመር። አሪየት ይህንኑ ከግድግዳ አንሥታ ቅል ላይ ልታሳርፈው ፈለገች። «ግድግዳ ገበያ አይሄድም፤ ቅል ይሄዳል» አለችኝ። ንግዳችን በዚሁ ተጀመረ።

ቀዩን ቀለም ከባሮ ዳርቻ አፈር፣ ጥቁሩን ከከሰል፣ ነጩን ከአመድ አወጣነው። ችግሩ አልጣበቅ ማለቱ ነው። የእንቁላል አስኳል ሞከርን፤ ጉንዳን ወረረው። የግራር ሙጫ ሞከርን፤ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ረገፈ። በመጨረሻ አሪየት የዓሣ ቆዳና አጥንት ቀቅላ እንደ አጥሚት የወፈረ ሙጫ አወጣችና ያዘልን። ብቻ ሽታው አይጣል ነው። አንዲት የአስተማሪ ሚስት የገዛችውን ቅል መልሳ አምጥታ «ድመቴ ሥዕላችሁን ልሳ ጨረሰችው» ብላ አሳየችን፤ እውነትም ግማሹ ተልሷል። በሳቅ ሞትን፤ እሷም አብራን ሳቀች፤ ሌላ ሠራንላት።

ቀለማችን ሦስት ብቻ መሆኑ ግን ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ጊዜው ያለፈበት ጂቪ፣ ያ ለቁስል የሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት፣ ሊደፋ ሲል ደረስኩና ለመንኩት።

«ማን ቆሰለ?» አለ።

«ማንም። ቅል ልቀባበት ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ጠርሙሱን ተወልኝ። ሐምራዊውን ከቀዩ አጠገብ ስናሳርፈው አሪየት ቅሉን ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው። ከዚያ ወዲያ የሁለታችንም ጣት ሐምራዊ ሆነ፤ በሳሙናም በአሸዋም ብንፈትገው አይለቅም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈን እንዘረጋለን። ቅል ብቻ አልነበረም፤ የስንዴ ጆንያ በእንጨት ወጥረን እሱም ላይ እንሥል ነበር። ነርሶችና አስተማሪዎች ይገዙናል፤ ከደጋ ቡናና ማር ጭነው የሚወርዱ ሹፌሮችም አይቀሩም። ምሳችን የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ከላያችን የሚወድቀው ማንጎም አለ። ያን ጊዜ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ማንም ሳያዘኝ ያሰብኩትን ሠርቼ ውዬ እገባ ነበርና።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ትእዛዝ ከላይ ሲመጣበት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነበር። የአብዮት በዓል ሲቃረብ የእደ ጥበብ ሠራተኛ ሁሉ በማኅበር ይደራጅ፣ ዕቃውም ላይ ኮከብና ማጭድ ይሣል ተባለ። ናሙናው በካርቶን ተቆርጦ መጣ። ካርቶኑን ቅሉ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ዙሪያውን ታሰምሪያለሽ፣ አለቀ። ሌሎቹ ገቡ፤ አልፈርድባቸውም። እኛ አንገባም አልን። ማኅበሩን ጠልተን አልነበረም፤ ያን ካርቶን ግን ጠላነው።

አንድ ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ማንጎው ሥር መጣ። የካኪው ጀርባ በላብ ረጥቧል። ጆንያ ላይ ከሣልናቸው አንዱን አነሣና ዘቅዝቆ አየው፤ አቃንቶም አየው።

«ጓዲት፣ ይሄ ምን ይላል?» አላት አሪየትን።

«ምንም አይልም።»

«እንዴት ምንም አይልም? መልእክቱን ነው የምጠይቅሽ። ለማን ነው የሚናገረው?»

«እሱ አይናገርም፤ ሥዕል ነው። መናገር እኔ እናገራለሁ። እኔን ጠይቀኝ።»

ገበያተኛው ሳቀ። አማርኛዋን ከገበያ የለቀመችው ስለነበር ጥያቄው ሳይገባት ቀርቶ ይሁን፣ ገብቷት ስታሾፍበት፣ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ስንት ጊዜ ጠይቄያት ዓይኗን ጨፍና ከመሳቅ በቀር መልስ አልሰጠችኝም።

«እሺ፣ አንቺን ልጠይቅሽ» አለ ሊቀመንበሩ። «ማኅበሩ ውስጥ ትገቢያለሽ?»

«አልገባም።»

«ለምን?»

«እጄ ካርቶን አይደለም።»

«እኔም አልገባም» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እንግዲያው፣ አለ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ሥዕል ለሕዝብ አይሸጥም፤ ወንዝ ውረዱና ሁሉንም አጥባችሁ ባዶውን ቅል አሳዩኝ። ገበያው ግልብጥ ብሎ ተከተለን። ባሮ ሞልቶ ደፍርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ቅል እኔ ነከርኩት። ቀዩ መዳፌ ውስጥ ሟሙቶ ወረደ፤ ጥቁሩ ተከተለው፤ ነጩም ሄደ። እንባዬ መጣ። እሱ እንዳያየው ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ።

ሐምራዊው ግን አልሄደም። አሸሁት፤ አልሄደም። ቅሉን ከውኃ ሳወጣው የጂቪው መስመር ብቻውን እየዞረና እየታጠፈ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ አምሮ ነበር። «ድገሚው» አለኝ ሊቀመንበሩ፤ ደገምኩት። ከጥበቃዎቹ አንዱ ተቀብሎኝ በአሸዋ ቢፈትገው የሱም ጣት ሐምራዊ ሆነ። ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ይህን ጊዜ ሊቀመንበሩ የጥበቃውን ጣት ትኩር ብሎ አየ። ያን ቀለም በከተማው የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ አፉ የቆሰለ ሕፃን ሁሉ ተቀብቶታል።

«ይሄ የሕዝብ መድኃኒት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ሳቁ ቀጥ አለ። መድኃኒቱን የሰጠኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

ውኃ ልትቀዳ የመጣች አንዲት ትልቅ ሴት ነች ያተረፈችን። የራሷን ቅል ለአሪየት ዘረጋችላትና በአኙዋ ቋንቋ አንድ ነገር አለቻት። አሪየት ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ «የራሴ ቅል ነው፣ አይሸጥም፣ ሣሉልኝ ትላለች» አለችው። ወዲያው እዚያው ዳርቻው ላይ ቁጭ ብላ ጣቷን ቀዩ ጭቃ ውስጥ ነከረችና ዓይኑ እያየ መስመሩን ጀመረችው። ሌላ ሴት መጣች፤ ሌላም። እኔም እንባዬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። የገዛ ዕቃን ማስጌጥ የሚከለክል ትእዛዝ ደግሞ አልመጣለትም ነበር። ጥቂት ቆመና ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅል አልሸጥንም። ሰው የራሱን ይዞ ይመጣል፣ እኛ እንሥላለን፣ የእጃችንን ዋጋ በብርም በዓሣም በበቆሎም እንቀበላለን። ሥራው ከድሮው በለጠብን። ቅል ብቻ መሆኑም ቀረ፤ እንስራ፣ በርጩማ፣ የጀልባ መቅዘፊያ ሳይቀር ይመጣልን ጀመር። እንግዲህ ይህ የግል ፈጠራ ካልሆነ ምን እንደሚባል ያ አሠልጣኝ ይንገረኝ።

ዋጋውን የከፈለው አባቴ ነው። መንገዱ ሲደርቅ ራቅ ወዳለው ዲማ ተዛወርክ ተባለ። ምክንያቱን የነገረው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ዕቃውን ሲሸክፍ አጠገቡ ቆሜ «አባዬ፣ በኔ ምክንያት ነው። ሄጄ ማኅበሩ ውስጥ እገባለሁ፣ ምናልባት ይተዉህ እንደሆነ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ገብተሽ ካርቶን ልትገለብጪ? እኔ ዲማ የምወርደው ለዚህ ነው?» አለኝ። ቀጥሎ ልብሱን ከእንጨት ሳጥኑ አወጣና ባዶውን ወደኔ ገፋው። «ይልቅ ይህችን ቀቢልኝ። ቀዩን አብዢበት፤ መኪናው ላይ ስትጫን ከሩቅ ትታይ።»

እኔና አሪየት አራቱንም ጎን ቀባነው። ያ ነገር የማይወድ ሰው የጭነት መኪናው ላይ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ በከተማው መሐል አለፈ፤ በቀበሌውም በር። አልተደበቀም፣ አልቸኮለም። እኔ በአሪየት እናት ቤት ቀረሁ።

አባቴ ከዲማ ሳይመለስ እዚያው አረፈ። አሪየት አግብታ ወደ ጎግ ወረዳ ሄዳለች፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ጣቷ አልተወም። አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው «ለቅል ብለሽ?» ይለኛል። አዎ፣ ለቅል ብዬ። አባቴን አሳጣኝ፤ ይህን አሳንሼ አልናገርም፤ ያ የመኪና አቧራ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ። ነገር ግን እሱ ራሱ ካርቶን አትገለብጪም ብሎኝ የሄደበትን ነገር እኔ ተሳስቼ ነበር ልለው አልችልም። አንገባም በማለታችን አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን የመጀመሪያውን ቅል እጠቢ ስባል ማጠቤ።