ጓንጉል ከዋሻው ወጥቷል ወይ?

ሚልኬሳ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የውኃ መሐንዲስ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ አለ። በፈረንጆቹ 2008 ኖቬምበር መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ ለዓመታት ሲጠብቀው የነበረውን የኮምፒዩተር ጌም ሁለተኛ ክፍል ከፈተ። ዲስኩን ያገኘው ከትናንት በስቲያ ኢስትሊ ሰፈር ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል የተጫወተው እዚያው ኢስትሊ፣ በ1999 ነው። ጓደኛው ጓንጉል ኮምፒዩተር በሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ እሑድ እሑድ በሩን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ጓንጉል ቁልፎቹን ይነካል፤ ሚልኬሳ መዝገበ ቃላት ይዞ ያነብለታል። ታሪኩ ታላቅ ጦርነት ምድርን ካቃጠላት በኋላ ውኃ ፍለጋ ስለሚጓዙ ሁለት ሰዎች ነው። የአንደኛውን ስም ተጫዋቹ ያወጣል። ጓንጉል የራሱን ስም ጻፈና፣ "እኔ ከሌለሁ አንተ የመጀመሪያው መንደር ሳትደርስ በጥም ትሞታለህ" አለው። ምንጩ አለበት ወደተባለው ዋሻ ገብተው ሳይወጡ፣ በ2001 ጓንጉል በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። "ያለ እኔ እንዳትጨርሰው" ብሎት ነበር። ሚልኬሳም አልጨረሰውም።

አዲሱ ጌም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ሰዎቹ ከላይ ሲታዩ ጥፍር ያክሉ ነበር፤ አሁን ተጫዋቹ ራሱ ፍርስራሹ መካከል ቆሞ በገዛ ዓይኑ ያያል። ሚልኬሳ ወደ አንድ ቤት ገባ። ሳህኖቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ሁለት አፅሞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሳቢያ ከፈተ፤ የሕፃን ጫማ አገኘ። በዚያ ሁሉ በረሃ ጀሪካን የያዘ ሰው፣ ለውኃ የተሰለፈ ሰው አለማየቱን አስተዋለ፤ ሠሪዎቹ ውኃ ተሰልፈው እንደማያውቁ ገመተ። ሆኖም ሲራመድ የኮቴው ድምፅ ከኋላው ይከተለዋል። ሲቆም፣ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ዞረ። ከንፋሱ በቀር ማንም አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ። የጓንጉል እህት ዕፀገነት ነበረች። ሁርሊንግሃም በሚገኘው በወይዘሮ ሙሉሸዋ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ በሳህን ምግብ ታመጣለታለች። የስልክ ቁጥሯን ከ2001 ጀምሮ አልቀየረችም፤ ወንድሟ የሚያውቀው እሱን ነው። ሁለት ጊዜ ስልኳ ተሰርቆ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሰልፋ ያንኑ ቁጥር አስመልሳለች። ከሚልኬሳ ቤት ስትወጣም ሁልጊዜ፣ "አንድ ቀን ሳልነግርህ ይዤው እመጣለሁ፣ ትደነግጣለህ" ትለዋለች።

ሚልኬሳ ግን ጓንጉል መሞቱን ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት በድሩ የሚባል ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ ሰው፣ ጓንጉል ማላዊ ውስጥ በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ እንደሞተና መንገድ ዳር ሲቀበር እሱ ራሱ አፈር እንዳለበሰ ነግሮታል። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰውም ብቻውን አይናገረውም። ሰዎች ተሰባስበው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ሄደው ነው። ሚልኬሳ ሰዎቹን ሊሰበስብ አሰበ። ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል አይረዳም። ቀጥሎ እሷ ወባ ታመመች። ቀጥሎ የኬንያ ምርጫ ግርግር መጣ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተወው።

"እግዚኦ!" አለች ዕፀገነት ከጀርባው ቆማ። "አንድ እንኳ መጥረጊያ የያዘ ሰው የለም?"

"ጦርነት ነበር፣ ዕፄ።"

"እና ጦርነት ነበር ተብሎ አይጠረግም? የአንተን ቤት መሰለኝ'ኮ።"

በጌሙ ውስጥ አንድ መንደር በር ላይ መዝገብ የያዘ ሽማግሌ ቆሟል። የድሮውን ጉዞ መጨረሻ ካልነገሩት አያስገባም፤ አዲሱ ዓለም የሚሠራው በመልሱ ነው። መጀመሪያ የአብሮ ተጓዡን ስም ጠየቀ። ሚልኬሳ ሳያስብ ጻፈው።

"የእኛ ጓንጉል?" አለች ዕፀገነት። ሁለተኛውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እዚህም ገብቷል? ይኼ ቀዥቃዣ!"

ሽማግሌው ቀጠለ። ጓንጉል ከዋሻው ወጥቷል ወይ? ከሥር ሁለት መልሶች ተጻፉ፦ አዎ፣ አልወጣም።

የሚልኬሳ እጅ ማውዙ ላይ ቆመ።

"አዎ በለዋ!" አለች እየሳቀች።

"አልጨረስነውም'ኮ። ከመውጣታችን በፊት ነው የሄደው።"

"ታዲያ ሳታውቅ አልወጣም ልትለው ነው? አዎ በለው።"

ሽማግሌው ብዕሩን እንደያዘ ይጠብቃል፤ ንፋሱ ይነፍሳል።

"ሚልኬ፣ ጌም ነው'ኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ንካው።"

ሚልኬሳ እጁን ከማውዙ ላይ አነሣና ጉልበቱ ላይ አደረገው። ወደ እሷ አልዞረም። ዕፀገነት እጁን አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን ከጎን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሳቋ መቼ እንደቆመ አላስተዋለም። ከዚያ ተነሥታ ያመጣችውን ሳህን ክዳን አጥብቃ ገጠመች።

"ስቲማ ሳይጠፋ፣ መብራት እያለ አሙቀህ ብላ" አለችውና ወጣች። ሁልጊዜ የምትለውን አላለችም።

የተሳፈረችበት የማታቱ ሚኒባስ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ። ሽማግሌውን እንደቆመ ትቶት ኮምፒዩተሩን አጠፋ። ከዚያ በድሩ ዘንድ ደወለ፤ ቀጥሎ ወይዘሮ ሙሉሸዋ ዘንድ። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ስታለቅስ ቆይታ፣ "ቄሱን እኔ አመጣለሁ" አለች።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ አራቱም በዕፀገነት በር ላይ ቆሙ። ቄሱ እጃቸውን ሲያነሡ፣ ሳይንኳኳ በሩ ተከፈተ። ለብሳ ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አንድ በአንድ አየቻቸው። የማታውቀው በድሩን ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

ወደ ሚልኬሳ ዞረች። "ካወቅክ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ሳመላልስልህ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ስልኳ እጇ ላይ ነበር። አጥፍታ ለእሱ ሰጠችውና፣ እንዲገቡ መንገድ ለቀቀችላቸው።