ሳይነካ የሚገፋ

ፊዚክስን የምጠላው ከብዶኝ አይደለም፤ እንዲያውም ጎበዝ ነበርኩ። የጠላሁት ሰባተኛ ክፍል፣ ስለ ኃይል ከተማርንበት ቀን ጀምሮ ነው።

መምህሩ ጠረጴዛውን ገፋ አደረገና «ይህ በንክኪ የሚሠራ ኃይል ነው» አለ። ቀጥሎ ጠመኔውን ለቀቀው፤ ወደቀ። «ይኼን ደግሞ ማንም አልነካውም፤ መሬት ናት የሳበችው። ሳይነካ ለሚሠራ ኃይል ሌላ ምሳሌ ማን ይሰጠኛል?»

«ማግኔት» ልል እጄን አወጣሁ። ከኋላ አንዱ ቀደመኝና «ቡዳ!» አለ።

ክፍሉ አውካካ። ሁሉም ዞረው ያዩት እኔን ነው። እናቴ እንጦጦ ሥር ሸክላ እየሠራች ሾላ ገበያ ትሸጣለች፤ ሸክላ ሠሪ ደግሞ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። በእሷ ድስት ወጥ የማይሠራ ቤት ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ድስቷ አያስፈራማ፣ ልጇ ናት የምታስፈራው! መምህሩ ይቆጣልኛል ብዬ ብጠብቅ፣ እሱም አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። ዛሬም ይቅር አላልኩትም። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ያለችኝ አንዲት ጓደኛ፣ ቀስ ብላ ክንዷን ከክንዴ አራቀች።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ታመመች። ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። እናቷ ግን መቀስ ይዛ እኛ ቤት መጣች።

«እህቴ፣ ክፉ አታስቢብኝ፤ ከልጅሽ ሹራብ ትንሽ ክር ስጪኝ። ባጥናት ይለቃታል» አለቻት እናቴን።

እናቴ ታባርራታለች ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ መቀሱን ተቀብላ የዩኒፎርም ሹራቤን እጅጌ ጫፍ ቆርጣ ሰጠቻት። ሴትዮዋ እንደወጣች «ምነው እማዬ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ብከለክላትና ልጅቷ ብትሞትስ? ማን ገደላት ሊባል ነው?» አለችኝ።

አልሞተችም። ኪኒኑን ጨርሳ ዳነች፤ ምስጋናው ግን ለክሩ ሆነ። ብትሞት በላቻት እባል ነበር፤ ስትድን ደግሞ መብላቴ ተረጋገጠ። ትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ይዛ ሌላ ዴስክ ሄደች። «እማዬ ናት ያለችኝ» አለች፣ ፊቴን ሳታይ። እኔ የተተረተረውን እጅጌዬን አጥፌ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ፈተና ላይ «ሳይነካ ለሚሠራ ኃይል አንድ ምሳሌ ጻፉ» የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። እልህ ያዘኝና «ቡዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቴ ሲመለስ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎበታል። ለካ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር።