የጥላዬ ጭምብል

የያዙኝ ካዛንቺስ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ እጄ ቀለም እንደነካው ነው። ሦስት ሆነው ገቡ። አንደኛው ግድግዳው ላይ የለጠፍኳቸውን ሥዕሎች እየተዘዋወረ አየና «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ። የኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ገጸ ባሕርያት እንደሆኑ ነገርኩት። «ስማቸውን ነው የጠየቅኩህ» አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስክፈታ ድረስ ንግግራችን ከዚህ ብዙም አልራቀም። እኔ ሰዎቹ የሉም እላለሁ፣ እነሱ አድራሻቸውን ይጠይቁኛል።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብና መስኮት አልባ ነበር። መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብ፣ የእርጥብ ፎጣና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው። ጣሪያው ላይ ቀን ከሌት የሚበራ አምፖል አለ። ሰዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ቀና ብለው አዩኝና ማለፊያ እንዲሆነኝ እግራቸውን ሰበሰቡ።

የክፍሉ ተወካይ፣ እስረኛው ካቦ የሚላቸው፣ ሰንጋ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የነበራቸው ጎልማሳ ናቸው። «እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም፤ ብቻ ግባ» አሉኝ። ቀጥለው የክፍሉን ሥርዓት ነገሩኝ። አዲስ ገቢ በር ሥር ይተኛል፤ ሰው በተፈታ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከቤት የመጣ ምግብ ለብቻ አይበላም። ከምሳ በኋላ ፕሮግራም አለ፤ ተረኛው ያወራል፣ ሌላው ይሰማል።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ቀረብኩ። የአባቴ እኩያ የሚሆን፣ መነጽሩን በማንጠልጠያ አንገቱ ላይ ያደረገ ሰው ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ቅጂ ከፈተልኝ። ድምፁ የራሴ ነበር።

«ስማ፣ መብራቱ ሲጠፋ ጥላዬ ይገባል። አምስቱ መስቀል አደባባይ ይጠብቁታል። በቃ፣ የድሮውን ቡድን በትነን እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ቡልጋሪያ ሰፈር፣ አንድ ፉል ቤት ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ያወራሁት ነው። ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ቀድቶን ኖሯል። በቅጂው ላይ ከኔ ድምፅ በቀር የሚሰማው የሳህን ኳኳታና የጓደኛዬ «እሺ» ብቻ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሁ። እኔ «ማዞሪያ» የሚባል ኮሚክ እሠራለሁ፤ የከተማዋን አደባባዮች የሚጠብቁ አምስት ጀግኖች አሉኝ። ታሪካቸው ስለተሟጠጠብኝ ቡድኑን በትኜ ከቁጥር አንድ እንደገና ልጀምር ነው። ለዚህ ደግሞ የሌላ ሰዓሊ ጀግና ተውሻለሁ። ጥላዬ ይባላል። ቂርቆስ ውስጥ ብቻውን የሚንቀሳቀስ፣ ጭምብል የሚያደርግ፣ መብራት ሲጠፋ ጉልበት የሚያገኝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የበረታ ጀግና ከየት ይመጣል? እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን እኔ ባገኘሁት ብዬ ቀንቻለሁ።

መርማሪው አንድም ቃል ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሲሰማኝ የገባው መስሎኝ ነበር።

«እሺ» አለ። «ጥላዬ ማነው?»

«የፈጠራ ሰው ነው ስልዎት!»

«የፈጠረው ማነው?»

 ጥላዬን የፈጠረው ያው ፉል ቤት አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ነው፤ የሚያወጣው በብዕር ስም ነው። ስሙን ብናገር ያንኑ ምሽት መጥተው ይወስዱታል፤ በኔ ላይ የተጫወቱትን እሱም ላይ ይጫወቱታል። እናቱ ደግሞ ታማሚ ናቸው፣ ከሱ በቀር ሰው የላቸውም።

«አላውቀውም» አልኩ።

«የማታውቀውን ሰው ነው የተዋስከው?» አለና ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

የፕሮግራም ተራዬ ሲደርስ ሌላ የማወራው አልነበረኝምና ታሪኩን ለክፍሉ ሰው አወራሁ። ጥላዬን አምስቱ መካከል እንዴት እንደማስገባው አለማወቄንም ነገርኳቸው። ሰው ሁሉ ስንት ጭንቀት እያለበት፣ ልክ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ተከራከረበት። ከሁሉ የባሰው አንድ ወጣት የታክሲ ሹፌር ነበር።

«ብሮ፣ ጥላዬ የቡድኑ ሊደር ካልሆነ እኔ አላነበውም! ማለቴ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እነዛ አምስቱ ምን ሊሠሩ ነው? ሻማ ሊይዙለት?»

«ከየት መጥቶ ነው የሚመራቸው?» አለ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ። «ስንት ዓመት የለፉት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

«ጉልበት ያለው ይመራል፣ በቃ!»

«ይኸው እንዲህ እያላችሁ ነው አገር የምታበላሹት።»

ታሪኩ የኔ መሆኑን የሚያስታውስ ጠፋ።  በመጨረሻ ካቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ምን ያጨቃጭቃችኋል? እንደ ማንም ሰው በር ሥር ይተኛ» አሉ። «ጉልበቱን ይዞ ይግባ፤ ማንም አይቀማውም። ግን ከበር ይጀምር። ሲለምዱት ራሳቸው ወደ ውስጥ ያስጠጉታል።»

ወር ሙሉ ስፈልገው የነበረው መግቢያ ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ወዲያው ዓይኔ ላይ መጣ፤ አምስቱ ተኝተው፣ አዲሱ ሰው በር ሥር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ። የምሥልበት እርሳስም ወረቀትም የለኝም። እንደዚያ ቀን ተበሳጭቼ አላውቅም።

ገና በዚሁ እያወራን ሳለ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።  ከዚያ ሹፌሩ ባለ በሌለ ድምፁ «ጥላዬ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካቦ እንኳን ሳቁ። እኔም ከታሰርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ጥበቃዎቹ በሩን በቆመጥ እየደበደቡ «ማነው እሱ? ማነው የመጣው?» ይላሉ። እነሱ በጠየቁ ቁጥር ሳቁ ይብሳል።

የሳቁን ሂሳብ የከፈልኩት በማግስቱ ነው።

«ጥላዬ እዚህም ግቢ ሰው አለው አሉ» አለ መርማሪው። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልነበረም። ላስረዳው ጀመርኩና መሐል ላይ ሰለቸኝ። ለድንጋይ ማስረዳት ይቀላል። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ የጓደኛዬን እትም አወጣና የጭምብሉን ሥዕል በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከየት እንዳገኙት እንጃ።

«ይህ ለሽፋን የተሠራ ነው። ሰዓሊ ነኝ ብለሃል። ነገ ወረቀትና እርሳስ ይሰጥሃል፤ ይህን ሰው ያለ ጭምብሉ ትሥልልኛለህ። ፊቱን ካየሁ ትወጣለህ።»

ክፍል ስገባ ሁሉም ከበቡኝ። ሹፌሩ በጩኸቱ ተጸጽቶ ራሱን ይዞ ነበር።

«ፍሬንድ፣ አንዱን የማይታወቅ ፊት ሣልላቸውና ውጣ በቃ! ማን ያውቃል?»

እኔም መንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ካቦ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ በዚህ ከተማ ማንንም የማይመስል ፊት መሣል ይቻላል?» አሉ። «አፍንጫውን አይተው አንዱን ምስኪን ከታክሲ ተራ ለቅመው ያመጡታል። በር ሥር ካንተ ጎን ነው የሚያስተኙት።»

 የራሴን ፊት ብሥልስ አልኩ። «እሱማ ማመን ነው» አለ የሂሳብ ሠራተኛው፤ ልክ ነበር።

በማግስቱ ነጭ ወረቀትና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀኝ። እርሳሱን ስይዝ ፍርሃትም ነበር፣ ናፍቆትም ነበር። መርማሪው ሻዩን እያማሰለ ይጠብቃል። መሣል ጀመርኩ። ትከሻውን ሣልኩ። የጃኬቱን ዚፕ ሣልኩ። ጉልበቱን አቅፎ በር ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ጭምብሉን፣ ጓደኛዬ እንደሚሥለው፣ ስፌቱን ሳይቀር በጥንቃቄ ሠራሁትና ወረቀቱን ገፋ አደረግሁለት።

መነጽሩን አደረገ። ረጅም ጊዜ አየው።

«አውልቅ ነው ያልኩህ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«የተዋስኩት ነው። የሰው ዕቃ ተውሼ ቀድጄ አልመልስም። ቢያወልቅም ባለቤቱ ያውልቀው፤ እኔ አላወልቀውም።»

ይህን እንደ ጀግና አልተናገርኩም። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና «እንግዲህ ትቆያለህ» አለኝ። ቆየሁ። ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ በጠየቀ ቁጥር ፍርድ ቤት ይፈቅድለት ነበር። ከበር ሥር ተነሥቼ የካቦ ጎን እስክደርስ ቆየሁ። አንድ ቀን «ዕቃህን ያዝ» አሉኝና ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝም፣ ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም።

ስወጣ ጋራዡም ክፍሌም ፈርሰው ቦታው ሰፊ መንገድና የተከረከመ ሣር ሆኗል። ጓደኛዬ ቡልጋሪያ አጠገብ ሲያገኘኝ አቅፎኝ አለቀሰና፣ እኔ ውስጥ እያለሁ ያወጣውን የመጨረሻ እትም ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ ገለጥኩት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጥላዬ በቀን ብርሃን፣ ሕዝብ መካከል ቆሞ ጭምብሉን ያወልቃል። ፊቱ የጓደኛዬ የራሱ ፊት ነው፤ ጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር። ከሥሩ ስሙን ከነአባቱ ጽፎታል።

«ማን መጣብህ?» አልኩት።

«ማንም።»

«አንድም ሰው አልጠራህም?»

«ኧረ ማንም። እኔ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ከረምኩ እንጂ።»

ደሜ ፈላ። እትሙን ደረቱ ላይ ወረወርኩለት። እኔ አንድ ፊት አልሥልም ብዬ ያን ሁሉ ጊዜ ታስሬ ስከርም፣ እሱ በገዛ እጁ አውልቆ አደባባይ አውጥቶታል፤ የሚፈልገውም ሰው አልተገኘም። «ምን ነካህ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«አንተ በጥላዬ ጦስ ገብተህ እኔ በብዕር ስም ልደበቅ?» አለኝ። «አልቻልኩም፣ ወንድሜ።»

አሁን «ማዞሪያ»ን እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ፤ ጥላዬም ገብቷል። አንዳንድ ቀን እየሣልኩ ያ ሁሉ ከንቱ ነበር ወይ እላለሁ፤ አሁንም ያበሳጨኛል። ከዚያ ያቺ የመጨረሻ ገጽ ትዝ ትለኛለች። ያን ቀን መርማሪው ፊት እኔ አውልቄው ቢሆን ኖሮ፣ ጓደኛዬ በገዛ እጁ የሚያወልቀው ነገር አይኖረውም ነበር።