የእሜቴ ጉበት ፍርሃት

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ዶክተርን ከጀርባዋ «እሜቴ ጉበት» ነው የምንላት። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ ስሙን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ወሬ የላትማ! የጡት ካንሰር እንዳይመለስ ሆርሞኑን የሚገታ ክኒን አለ። ክኒኑ ግን ብቻውን ያን ያህል አቅም የለውም፤ ጉበት ነው ለውጦ ጉልበት የሚሰጠው። አንዳንዱ ሰው ከእናት ከአባቱ የወረሰው ጂን ሰነፍ ይሆንበትና ጉበቱ ክኒኑን እንዲሁ ያሳልፈዋል። እሷ ዕድሜዋን የፈጀችው የትኛዋ ሴት እንዲህ እንደሆነች አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

ሰው አትፈራም። ሚኒስትርም ቢመጣ ጋውን ካልለበሰ በሩን አያልፍም። ታናሽ እህቷ በጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን የሆነች ቀን ግን ያቺ ሴትዮ ሌላ ሰው ሆነች። ለእህቷ ያው ክኒን ታዘዘላት፤ እሷም ደሟን ለጥናታችን ሰጠች።

ጥናቱ ደንብ አለው። ደሙ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ ጥናቱ እስኪያልቅ የማን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ደንቡን የጻፈችው ደግሞ ራሷ ዶክተር ናት። ከሦስት መቶዎቹ ሴቶች አሥራ አንዱ ባለ ሰነፍ ጂን ሆነው ሲወጡ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ምሳዋን ከፍታ ሳትነካው ትከድነዋለች።

አንድ ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ ፊቴ ተቀመጠች።

«ደም ውሰጂልኝ።»

«ምነው ዶክተር፣ አመመዎት እንዴ?»

«የእህቴን እንዳላይ ደንቡ ይከለክለኛል። የራሴንስ ማን ይከለክለኛል? የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን፤ የኔ ደህና ከሆነ ትንሽ እተነፍሳለሁ።»

«ለምን ለእህትዎ ነግረው እሷኑ ለብቻዋ አንመረምራትም?»

«ልንገራት? በምን አፌ!»

ይህ የተማረ ሰው ስሌት አልነበረም፣ የፍርሃት ስሌት ነው። እኔም እያወቅኩ ወሰድኩላት።

በማግስቱ ውጤቱን አየሁ። ሁለቱም ጂኖች፣ ከእናቷም ከአባቷም የወረሰቻቸው፣ አይሠሩም። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ስነግራት ጠረጴዛውን ያዘች።

«እናታችንም አባታችንም ይዘውት ነበር ማለት ነው» አለች። «እህቴም እንደኔ የመሆን ቢያንስ ከአራት አንድ ዕድል አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይረባ ነገር ስትውጥ ከነበረስ?»

ወደ እህቷ ቤት መኪናውን እኔ ነዳሁት። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተችልን። ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ለሙቀቱ አጠገቧ የማይጠፋው ቬንትሌተር ጥግ ተጥሎ ጨርቅ ተከምሮበታል።

«እትዬ፣ ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

ዶክተር መንገድ ላይ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። «ክኒኑ ላንቺ ላይሠራ ይችላል። ቀድሜ ልመረምርሽ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው!» አለችና አለቀሰች።

እህትየው ከመደርደሪያው የክር ሳጥኗን አወረደችና ከፈተችው። ከክሩ ሥር ሰባት ፓኮ ክኒን ተደርድሯል፤ አንዱም አልተከፈተም።

«ሰባት ወር ሆነኝ ከተውኩት» አለች። «ላብ አጠመቀኝ፣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ መርፌ መያዝ እንኳ አቃተኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁሽ እትዬ። ዕድሜሽን ሙሉ ስለዚህ ክኒን ስትለፊ እያየሁ በምን አፌ ልንገርሽ?»

ዶክተር ቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በራሳችን ነው የተናደድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ጉበት ስንመረምር ክኒኑ አፍ መግባቱን ጠይቀን አናውቅም!

በሳምንቱ የእህትየው ሐኪም የዚያን ጂን እርዳታ የማይፈልግ ሌላ መድኃኒት አዘዘላት። ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱን የሚያሳየው ምርመራ ውጤት ግን ገና አልመጣም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን።

አሁን የጥናቱ ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ክኒኑን በእርግጥ እየዋጡ ነው?» የሚል ሆኗል። ትናንት አንዲት እናት ጥያቄውን ሳነብላቸው ጋውኔን ጎተት አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ትቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለዚያች ዶክተር ግን እንዳትነግሪብኝ፤ እፈራታለሁ።»

ዶክተር ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሰማች።