ግራ ዓይኑን የደበቀው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍንና በግራው ብቻ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ይታገላል። ሰሞኑን ግን ክሩን በምራቁ ቢያሾለውም፣ ወደ መስኮቱ ዞር ቢልም፣ ቀዳዳውን ጭጋግ ይውጥበታል።

የስኳር በሽታው ዓይኑን እንደነካው ያወቀው ክሊኒክ ሄዶ ነበር። እዚያ ጥናት አለ። የእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ዓይን በዕጣ ተመርጦ በጨረር ይታከማል፤ ሌላው ሳይነካ ይቆያል፤ የትኛው ምን ያህል ጊዜ ሳይደክም እንደሚቆይ ይከታተላሉ። የእሱ ዕጣ ለቀኙ ወጣ።

የጥናቱን ስሌት የሚሠራው ቀጭኑ ሰውዬ እንዲህ ብሎ አስረድቶት ነበር፦

«አባቴ፣ ሁለቱ ዓይኖችዎ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስኳሩም ደሙም አንድ ነው። ስለዚህ እንደ ሁለት ሰው አንቆጥራቸውም፤ የአንዱ ነገር ስለሌላው ይጠቁማል።»

ልብስ ሰፊው ይህን ቃል ይዞ ቤቱ ገባና ሌላ ትርጉም ቆርጦ ሰፋለት። ግራው ከደከመ ቀኙም ተፈረደበት፤ የሁለቱ ዓይኖች ጥንድ ከፈረሰ ደግሞ ከጥናቱ ያስወጡኛል፣ ቀኙንም የሚያይልኝ አላገኝም አለ። በአንዱ ምርመራና በሚቀጥለው መካከል የጥናቱ ነርስ ዓይኖቹን ልትጠይቅ ስትደውል፣ «ተመስገን ልጄ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ይላታል። ስልኩን ሲዘጋ ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ መርፌውን እንደገና ያነሣል።

አንድ ቀን ደንበኛ ሱሪ መለሰ። የልብስ ሰፊው ሚስት ዘርግታ አየችው።

«አንዱ እግር ወንዝ ሊሻገር ነው የተሰበሰበው? አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ሲል ደግሞ ይንተባተባል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

እውነቱን አወጣው። እሷም ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ክሊኒክ ይዛው ሄደች።

ነርሷ ሰምታ ደነገጠች። «ያልታከመው ሲደክም ወዲያው እናክመዋለን እንጂ እናባርርዎታለን እንዴ? ለዚህ ብለን አይደል የምንደውለው!»

ቀጭኑ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አስፈራሁዎት። ይጠቁማል ማለት ይፈርዳል ማለት አይደለም። መቼ ጀመረዎት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። መፍራት የጀመርኩበትን ነው የማውቀው።»

የክሊኒኩ የዓይን ሐኪም ጠብታ ጨምራበት ሁለቱንም ዓይኖቹን ለረጅም ጊዜ አየች። እሱ በልቡ፣ አምላኬ ሆይ፣ ያለኝን አትውሰድብኝ ይላል።

«ቀኙ ጸንቷል» አለች በመጨረሻ። «ለግራው ግን ዘግይተናል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ልንይዘው እንችላለን። ዛሬውኑ በጨረር እናክመዋለን።»

አገጩን ማሽኑ ላይ አስደገፉት፤ ግንባሩን በቀበቶ ያዙለት።

«እንዳይንቀሳቀሱ፣ አባቴ» አለችው ሐኪሟ።

«ተንቀጠቀጥኩ እኮ።»

«እጅዎ ይንቀጥቀጥ፤ ዓይንዎ ብቻ ይቁም።»

ከበሩ ውጭ የሚስቱ የጸሎት ሹክሹክታ ይሰማዋል። ዓይኑን አቆመ፤ የጨረሩ አረንጓዴ ብርሃን መጣ።