የማይቀመጡት ሽማግሌ

አዲስ ከተማ ውስጥ ሚስት የፈለገ ወንድ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጋሽ ሙሴን በር ነው፤ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱለት። ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየሁ ሰሞን ነገሩ ግር ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሙሴ ንግግር አይሆንላቸውም፤ ተረትና ምሳሌም ጀምረው ይረሱታል። አንድ ነገር ግን አላቸው፤ አይቀመጡም።

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ማለት ወግ ነው። ሌላው ለወጉ ያህል ትንሽ ይቆምና ሶፋው ውስጥ ይሰምጣል። ጋሽ ሙሴ ግን እሺታው እስኪሰማ ድረስ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። የልጅቷ ቤተሰብ ይጨንቀዋል፤ እኚህን ትልቅ ሰው አቁመን እስከ መቼ ይልና ይሰጣል። ሰፈሩ ይህንን ጽናት ይለዋል።

እውነቱን የምናውቀው ሚስታቸው እትዬ ተዋበች፣ ልጃቸው ሶልያናና እኔ ብቻ ነን። ጋሽ ሙሴ ዕድሜያቸውን የሻሸመኔ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው ወገባቸው ላይ ዲስክ ተንሸራቷል። መቆም፣ መራመድ፣ መተኛት ይችላሉ። መቀመጥ ነው ጠላታቸው፤ በተለይ ሶፋ። አንዴ ከሰመጡ ጎትቶ የሚያነሳቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ እግራቸውም እስከ ተረከዛቸው እሳት ይለቀቅበታል። ሐኪም ተራመድ ስላላቸው ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ደርሰው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ይህንንም «ስፖርተኛ ናቸው» ብሎ ያደንቅላቸዋል።

«ለምን ለሰፈሩ ሰው አይነግሩም?» አልኳቸው ጋሽ ሙሴን፣ አንድ ቀን ልጄን አዝዬ ልብስ ሳሰጣ።

«ምን ብዬ? ሶልያና ገና አላገባችም እኮ። በዘር የሚተላለፍ ነው ቢሉብኝስ?»

«ሚኒባስ በዘር ይተላለፋል እንዴ?»

«አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስሽ ታውቂዋለሽ። ሰው ግን አይጠይቅም፤ ያወራል።»

ብዙም ሳይቆይ የሶልያና ተራ ደረሰ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው አልአዛር ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። ሶልያና ከእሱ ሌላ አላገባም ብላለች፤ ጋሽ ሙሴም ልጁን ይወዱታል። ችግሩ የልጅቷ አባት መሆናቸው ነው። አባት ቁጭ ብሎ ያስተናግዳል፤ ቆሞ ከጠበቀ «ውጡልኝ» ማለቱ ነው።

እኔ ከጁስ ቤት ረጅሙን ወንበር እንዋስ አልኩ።

«ቆጥ ላይ እንደወጣ ዶሮ ልሁንልሽ?» አሉኝ።

«በቃ ማስታገሻህን ውሰድና ለዚያን ቀን ብቻ ተቀመጥ» አሉ እትዬ ተዋበች።

«እሱ የሚያገኘው ጨጓራዬን ብቻ ነው።»

እሑድ ጠዋት ለልምምድ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ልምምዱ ሕመሙን ቀሰቀሰው፤ ሽማግሌዎቹ ከቸርች መልስ ሲመጡ መቀመጥ ቀርቶ መቆሙም በመከራ ሆነ።

ጸሎት ተደረገ። ከአሜን በኋላ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ የአልአዛር አጎት አቶ ኤርሱሞ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጋሽ ሙሴም አልተቀመጡም። ሳሎኑ የታክሲ ሰልፍ መሰለ። እኛ ሴቶቹ ከጓዳ፣ በመጋረጃው ጥግ እናያለን።

አቶ ኤርሱሞ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ጋሽ ሙሴ ጥርሳቸውን ነክሰዋል፤ ላባቸው ይወርዳል።

«አቶ ሙሴ፣ እርስዎ እኮ የሰውን ልጅ ቆመው የሚያስሰጡ ነዎት» አሉ አቶ ኤርሱሞ። «የራስዎ ሲሆን ቆመው ሊከለክሉ ነው? ፊትዎ መልሱን ነግሮናል። እንሂድ።» ባርኔጣቸውን አነሱ።

ሶልያና ክንዴን ጨመቀችው።

ጋሽ ሙሴ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ አባት ለጠያቂ ሲንበረከክ ማን አይቶ ያውቃል? እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም። ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተዘረጉና፣ ፊዚዮቴራፒ ሲሄዱ እንደተማሩት፣ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቀሉ።

«እናንተ ተቀመጡ» አሉ ከመሬት። «የቆምኩት ጠልቻችሁ አይደለም፤ ወገቤ ነው። ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ የሚያቆመኝም ያው ወገቤ ነው።»

እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አቶ ኤርሱሞ ጎንበስ ብለው አዩአቸው። «ዲስክ?»

«ዲስክ።»

«የኔ አንገቴ ላይ ነው» አሉ አቶ ኤርሱሞ፣ ባርኔጣቸውን መልሰው እያስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቀመጠ፣ ሁሉም ተናገረ። አንዱ በወንዶ ገነት ፍል ውሃ ይምላል። ሌላው ወጌሻ ይሻላል ሲል፣ ሦስተኛው እኔን የጨረሰኝ ወጌሻ ነው አለ። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የገባ እንጂ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ የሚመስል አልነበረም።

«ስለ እኔ የሚያወራ የለም?» አለች ሶልያና በሹክሹክታ።

እትዬ ተዋበች ከጓዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሙሴ ጣራ ጣራውን እያዩ፣ «በወጉ ቢሆን ከዘመድ እንምከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበረብኝ» አሉ። «ሌላ እሑድ ግን አልችልም። ሰጥቻለሁ።»

አቶ ኤርሱሞ ምስጋናቸውን ለማቅረብ ቸኮሉ። በባጃጅ እየተናጡ ሌላ እሑድ መመለስ ለእሳቸውም አንገት አይመችም ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሶልያና ከጓዳ ወጣች። «ጓደኞቼ ሁሉ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ ተመላልሶላቸው ነው የተሰጡት» አለች። «እኔ በአንድ ቀን፣ ያውም ከመሬት።»

«ደስ ካላለሽ ደውዪላቸው፤ እምቢ ልበላቸው» አሉ ጋሽ ሙሴ፣ እንደተጋደሙ።

ትራስ አምጥታ፣ በኩርፊያ ትንሽ ገፋ አድርጋም ቢሆን፣ ከራሳቸው ሥር ከተተችላቸው።